ጥማዱ ሲሸጥ

«ሰማይ አይታረስ» ይላሉ ሲተርቱ፤
እኔ ግን አርሼ፣ ይኸው በመዝገቡ ተጽፏል ሰዓቱ፦
ስድስት መቶ አርባ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ካፒቴን እንየው የፈረመበት፣ ትልም በትልም።

መርዓዊ የነበረው ባሕር ዛፋችን ነው ሰዓት የሆነው።
አባቴ በጣቱ እያሰላ «አንድ ሰዓት መብረር ስንት አጣና ነው?»
ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዝም አለ።
በማግስቱ መጥረቢያውን ሳለ።

ጥማዶቹ ካራቫን ነበሩ፣ ባለ አንድ ሞተር፣ ሁለት፤
ጭቃ የማይጠየፉ፣ ጠጠር የማይፈሩ፣ እሺ ባዮች ለጭነት፤
ለሞጣ ክትባት በበረዶ ሣጥን፣ ለቡሬ ፋብሪካ መሐንዲስ፣
አንዴም አንድ ሙሽራ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር እስኪደርስ።
ይርሳው መካኒኩ፣ የቢቸና ልጅ፣ ስም አወጣላቸው፤
ግንባረ ነጯ ቦራ፣ ሌላዋ ዳለቻ፣ ፀሐይ ቀለሟን የላሰው።
ዘይት ሲቀይር ጎናቸውን ቸብ ቸብ ያደርጋል፤
የበሬ ነጋዴ አመታት ሌላ ነው፣ የባለቤት ሌላ፣ ያስታውቃል።

ሐሙስ ዕለት፣ ሃንጋሩ ውስጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
አቶ ውባንተ ሰበሰቡን፣ በፕላስቲክ ወንበር፣ በክብ።
«ደንበኛው ተለውጧል» አሉ። «የቆዳ ወንበር ይፈልጋል፣ ፍጥነት፤
ጄት ገዝቻለሁ። ስምንት ሰው። ከደመና በላይ ጸጥታ። አርባ አንድ ሺሕ ጫማ ከፍታ።»
ካራቫኖቹስ? «ጁባ ገዢ አግኝተዋል፤ ወሩ ሳያልቅ ይሄዳሉ።»
እኛስ? አልጠየቅንም፤ ቁጥሮች ራሳቸው ይመልሳሉ፤
ሰባት ነን፤ ጄቷ ሦስት ይበቃታል።

ዋና አብራሪ፣ ሦስት ሺሕ ሰዓት። ረዳት፣ አንድ ሺሕ አምስት መቶ።
ሥልጠናው ከራስ ኪስ፣ ለሦስት ዓመት ላይለቁ ፈርሞ፣ ዋስ ጠርቶ።
ለእንየው የተነገረው አጭር ነበር፦ «ሥልሳ ሦስት ዓመትህ ነው፤
ለሁለት ዓመት ብዬ አላሠለጥንም።»
«ይገባኛል» አለ። ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣው።

እኔ በልቤ አሰላሁ፤ ስምንት መቶ ስልሳ ይጎድለኛል፤
ሰዓት የማልብባትን ላም ሸጦ፣ ወተት አምጪ ይለኛል።

የእንየው የመጨረሻ በረራ ቅዳሜ ነበር፣ ከደብረ ማርቆስ መልስ።
ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ለባለቤቱ ስልክ ደወለ፣ ደስ እንዲላት ብሎ፦
«ጋሽ እንየው አረፈ።»
ሜዳ ላይ ማለቱ ነው፣ በሰላም፣ ጎማው ጭስ ሳይል።
እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እሪ አለች፤ ጎረቤት ግቢውን ሞላ፤
ሰውዬው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከገዛ ለቅሶው ደረሰ።
በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ።
«ልክ ናችሁ» አለ፣ «አርፌያለሁ፤ እንግዲህ ቁጭ በሉ።»
የተሣቀውን ያህል የተለቀሰ ለቅሶ አላየሁም።

ሲሸኘኝ ጠየቅኩት፦ «የጁባው ገዢ ከጥማዱ ጋር አራሽም ይፈልጋል፤
ረዳት ነኝ፣ ስድስት መቶ ይበቃል ብሏል። ልሂድ?»
«እንየው» አለ።
ስሙን ይሁን ምክሩን አላወቅኩም፤ ፊቱን አጥሩ ከልሎታል።

ሰኞ ጠዋት ዳለቻን አስነሣናት፣ ከማላውቀው ካፒቴን ጋር።
ይርሳው ጎኗን ቸብ አደረገ፣ አንዴ፤ ወደ ሃንጋሩ ዞረ።
ጣና ከኋላ ቀረ፣ ዓባይ ክር ሆነ፣ ከዚያ መርዓዊ፣
የአባቴ ማሳ፣ የቆረጠው ቦታ፣ ራስ ላይ እንዳለ መላጣ።
ዝቅ ብዬ አየሁ፤ አረንጓዴ ነገር አለ።
ጉቶው አቆጥቁጧል፤ ማንንም ሳያስፈቅድ።

መዝገቤን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። መነሻ፣ ባሕር ዳር።
መድረሻ፣ ጁባ።
የፈራሚውን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጎኔ ያለውን ሰው ጠየቅኩት፤
በጆሮ ማዳመጫው ጩኸት አልሰማኝም።