የጎደለው ቅኝት

ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ በማትደርስበት፣
ስልሳ ሊትር ውሃ አለኝ በመስታወት።
አሸዋ የለበትም፤ ጠጠር የለበትም።
የልጅ ልጄ ቺዙሩ ያመጣችው ቤተ መንግሥትም
ሁለት ቀን አላደረ፤ ግንቡ ጥርስ ነበረው፤
ከሬዲዮው ጎን አቆምኩት፣ እዚያ ማንን ሊወጋው?

ሱይሆጋን ትባላለች፤ የጀርባ ክንፍ የላት፣
ከዓይኖቿ ሥር ሁለት የውሃ ከረጢት፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ እንደ ውስጠኛው፣ የሳሳ፣
ዞር ባለች ቁጥር ዘግይቶ የሚነሳ፣
ጭራዋ ሲቆም እንኳ እሱ የማይቆም።
ሰው ነው እንዲህ ያደረጋት፤ ወንዝ አያውቃትም።
ስንት ዘመን አባት ለልጁ ጋኑን ሲያወርስ፣
እየመረጠ፣ እየጣለ፣ መዋኘት ከሚያቅታት ዓሣ ሊደርስ።
እኔም አላመካኝም። አየኋት። ገዛኋት።
የመቃኛ ሹካዬን ድምፅ ስም ሰጠኋት፤ «ላ» አልኳት።

አርባ አንድ ዓመት በሃማማትሱ ፒያኖ ቃኝቻለሁ፤
ክር ሲዋሽ ከሁለት ክፍል ማዶ እሰማለሁ፤
እሰማ ነበር። አሁን ቀኝ ጆሮዬ ቀጭኑን ድምፅ ትቷል፤
ፌንጣ ለእኔ ድፍን በጋ ዝም ብሏል።

የቧንቧውን ውሃ በባልዲ አንድ ሌሊት አሳድሬ፣
ክሎሪኑ ሲወጣለት፣ ሙቀቱን በክንዴ ሞክሬ፣
እንደ አራስ ልጅ ገላ ውሃ በዝግታ አፈሳለሁ።
የምግቧን ፍሬ አስቀድሜ በማንኪያ አርሳለሁ፤
አየር ከዋጠች ትገለበጣለች፣ ሆዷ ወደ ሰማይ።
ማክሰኞ አተር፣ ተልጦ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ በጣቴ ጫፍ ላይ።
ቅዳሜ ጾም ነው፤ ብትለምነኝም አልሰጣትም።
ሳዋኮ ከወጥ ቤት፦ «የእኔን ሾርባ በክንድህ ሞክረህ አታውቅም!»

የማጣሪያውን አፍ ስፖንጅ አልብሼዋለሁ።
የመስታወቱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሻለሁ።
የረሳሁት የቴርሞሜትሩን መያዣ ጫፍ፣
ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሹል የፕላስቲክ አፍ።

የካቲት ውስጥ አንድ ማለዳ መብራቱን ሳበራ
«ላ» ከጥጉ ቆማለች፣ ተንጋዳ ወደ ግራ።
ቀኝ ከረጢቷ የለም። እንደ ባዶ ካልሲ
ጉንጯ ላይ ተንጠልጥሏል።
ደም የለም። ጩኸት የለም፤
እኔ የማልሰማው ዓይነት ካልሆነ።

ጨው መዘንኩ፣ በሊትር ሦስት ግራም። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ ክር ሳይርድ የወጠረ፣ ለሦስት ግራም ራደ፣ አላበጠ።

ዓሣ ሻጩ ሚናጋዋ በስልክ፦ «አንዳንዴ ይመለሳል፤
ግን ከወንድሙ እኩል አይሆንም፣ ሁልጊዜ ያንሳል።
ለውድድር ከሆነ ሌላ አለኝ፣ ጥንዱ የተካከለ።»
ስልኩን ወደ ደካማው ጆሮዬ አዞርኩት። አላወቅኩም ከዚያ ምን እንዳለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጀማሪ ቃኚ ሲሰማው የሚከፋበት፦
ንጹሕ የተቃኘ ፒያኖ የለም፤ በየትኛውም ቤት።
አንዱን ድምፅ ፍጹም ብታጠራው ሌላው እንደ ተኩላ ይጮሃል፤
ስለዚህ እያንዳንዱ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ይዋሻል።
ስህተትን ማጥፋት አልነበረም ሥራዬ፤ ቆርሶ ማካፈል ነው፣
ለየክሩ አንድ አንድ ቁራሽ፣ ማንንም እንዳይከብደው።
ይህን ሁሉ ዘመን አውቄው፣ ከቤቴ ስገባ ግን
ማንኪያው ከሹካው ባይስተካከል እቆጣ ነበር፤ ሳዋኮ ትመስክር።

ሚያዝያ ገባ። ከረጢቱ ተመለሰ፣ የአተር ያህል።
ግራው ወይን ፍሬ ነው፤ ቀኙ ከኋላ ሲከተል
እሷ ታዘነብላለች፤ ቀጥ ብላ የሄደች እየመሰላት
ክብ ትሠራለች፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ፣ ሳይታወቃት።
ቴርሞሜትሩን አወጣሁት። ክንዴ ይበቃናል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከመስታወቱ ተጠግታ
አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ከፍታ።
«ምን ትላለች?» ትላለች ሳዋኮ።
ደህናውን ጆሮዬን መስታወቱ ላይ አስደግፋለሁ።
የማጣሪያው አረፋ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ።
ከ«ላ» በጥቂቱ ዝቅ ይላል።

አልነካሁትም።