ከመቶው ሦስት እጅ

ከቲሳ ወንዝ ዳርቻ፣ ከደወል ሠሪው ደጅ፣
በጭነት መኪና መጣ አንድ የነሐስ እጅ።
ክንዱ የት እንደ ቀረ የጠየቀ የለም፤
ሐውልት ሲወድቅ ልማዱ ነው፣ አብሮ ይወድቃል ስም።

ኦዶን መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣
አውራ ጣቱ ሥር አየ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ።
እዚያው ናት፦ የአየር አረፋ፣ የምስር ታህል ቀዳዳ፣
ወጣት ሳለ ያመለጠችው፣ የመጀመሪያ ዕዳ፤
አለቃው እንዳያያት በጥላሸት የለቀለቃት፣
አርባ ዓመት አበባ ሲቀርብላት ማንም ያላወቃት።

«ይህ ነሐስ፣ ቦርካ» አላት፣ «ደወል ነበር ድሮ፣
ሠርግ ሲጠራ፣ ቀብር ሲጠራ፣ በዚሁ ሰፈር ኖሮ።
ጦርነት መጣ፤ አወረዱት፤ መድፍ ሆኖ አገሣ፤
ሰላም መጣ፤ መድፉ ቀልጦ ሐውልት ሆኖ ተነሣ።
እጁን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ወደ ፊት እንዲጠቁም፤
ጠቆመ። ወደዚያ የሄደ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ከዋና ከተማ መምህር መጣ፣ ሻርፕ የጠመጠመ፤
«ታሪክ» አለ «እዚህ ላይ ፈጸመ፣ አከተመ።
ሥዕሉ ተሥሎ አልቋል፣ ግጥሙም ተገጥሞ፤
የቀረን የትናንቱን መቅዳት ነው ደጋግሞ።»
ኦዶን ሻይ ቀዳለት። ስኳር እንዳለቀ ነገረው።
ከፍጻሜዎች ሁሉ ይኸኛው ነው ያሳፈረው።

በእኔ ቋንቋ ሰም ማለት ላዩ ነው የሚታየው፤
ወርቁ ከሥር አለ ይሉናል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ማን አየው?
እዚህ ግን አየሁት፣
ከሸክላው ሆድ ጠብ ጠብ ሲል።
ሰሙ ሲያልቅ የቀረው ወርቅ አይደለም፤ ባዶ ነው፤
ቅርጽ ያለው ባዶ፣
እንደ ተነጠፈ አልጋ ሰው የሚጠብቅ።

«ነሐስ» አለ ኦዶን «ይደክመዋል ሲቀልጥ ሲቀልጥ፤
እሳት ቆርቆሮውን ይበላል፣ መዳቡን ትቶ ሲመርጥ።
አሮጌውን ብቻ ብታፈስ ይወጣል፣ ደወል ይመስላል፤
ስትመታው ግን እንደ በር፣ ‹ማነው?› ያሰኝሃል።
ቆርቆሮ ብቻ ብታደርገው፣ ዝናብ ነው የሚያስጮኸው።
ስለዚህ ከመቶው ሦስት እጅ። አዲስ የምንለው ይኸው።»

«ሦስት ብቻ?» አለ መምህሩ።
እጁ ገባ። ጠቋሚ ጣቱ ከሌላው ቀድሞ ለሰለሰ፤
ወደ ፊት ሲያሳይ የኖረው ወደ ታች ፈሰሰ።

የነሐሱን አተላ አየሁ ጓሮ፣ የአራት መንግሥት ተከምሮ፣
ሣር አይበቅልበት፣ ሽታው ገና የእሳት ኖሮ።
ታሪክ ማለቅ ካማረው እዚያ ነበር የሚመቸው፤
የጎረቤት ዶሮዎች ግን ሲጭሩት አገኘኋቸው።

«ያቺ አረፋስ» አለች ቦርካ «ነሐሱ ሲቀልጥ ወዴት ሄደች?»
ኦዶን አላወቀም።
በሦስተኛው ቀን ሸክላውን ሰብራ የደወሉን ከንፈር ዳሰሰች፤
ከሥሩ፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ።

ጥላሸቱን አቀበላት።
አልተቀበለችም።
የጣቷን ጫፍ አኖረችበት፤
ገና ይሞቅ ነበር።