ከስምንቱ ሁለቱ

«ይኼ ማሽን ባዶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።
«አረ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ ካልሲዋን እያጣመረች።
እኔ የሰማሁት «ኧረ!» ነው፤
«ኧረ ተው»፣ «ኧረ እፈር»፣ «ኧረ የሰው ያለህ» ያለች።
ያደፈ ልብሴን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣
ምን በደልሁ እያልሁ ቆምሁ በሩን ተደግፌ፤
ቶሮንቶ፣ የጥር ሌሊት፣ ከፊንች ጣቢያ ማዶ፣
ሰባት ማጠቢያ፦ ሦስቱ ብልሽት፣ ሦስቱ ተይዟል፣ አንዱ ባዶ።
«አዎ» ማለቷ ኖሯል በቋንቋዋ።

ማንዳና ትባላለች፤ የቡሸህር ሰው ናት፣ የወደብ ልጅ፣
ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች፤
ጠመኔው ከእጇ ቢወድቅም ጣቷ ማስመር ያልተወች።
ካልሲውን አንስታ «ጁራብ» አለችኝ።
እኔም የለበስሁትን ሳብ አድርጌ «ሹራብ» አልኋት።
ሳቀች። ሁለታችንም በተዋስነው እንግሊዝኛ
«አንድ ቃል እኮ ነው» አለች፤
«እኛ እግራችን ላይ አስቀረነው፣ እናንተ ደረት አደረሳችሁት።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ። ውጭው ብርድ፣ ውስጡ እንፋሎት፣
መስተዋቱን ላብ አጥምቆት፤
በሌባ ጣቷ ቀይ ባሕርን አሰመረች፣
የመንን በስተ ቀኝ፣ እኛን በስተ ግራ።
«ንጉሣችን እስረኛ ጫነ» አለች፣ «በስምንት መርከብ፣
የናንተን ጦር ከየመን ሊያባርር።
ሁለቱ መንገድ ላይ ሰመጡ ይላሉ።
ባይሰምጡስ?»
ሁለት ነጥብ አደረገች፤ በጥፍሯ ገፋቻቸው እስከ አዱሊስ ዳር።

«ባይሰምጡስ» አልሁ እኔም፤ ልብሴ ይዞራል፣ አረፋው ይደፈርሳል፣
የማላውቀው ታሪክ ካፌ ይፈሳል፦

ሁለት መቶ የሞት ፍርደኛ፣ ጨው ያነቀው ጉሮሯቸው፣
«አብ! አብ!» እያሉ ወጡ፤ ውሃ ማለት ነው ባፋቸው።
አንዲት ሴት ከባሕሩ ዳር የሥላሴን ስም ሰምታ
«አማኞች ናቸው» አለች፤ ቅሏን አቀረበች ሞልታ።
ውሃ ለምነው ነበር፤ ጸሎት ሆኖ ተሰማላቸው፣
በስሕተት ጠጡ፣ በስሕተት ዳኑ፣ በስሕተት ተወለዱ ልጆቻቸው።
ሦስት ትውልድ ሲያልፍ አሞሌ በ«የክ፣ ዶ፣ ሴ» ተቆጠረ፤
ሰባት ሲያልፍ ዳኛው በነሱ ቃል ፈረደ፣ በነሱ ቃል አሠረ።
ግዕዝ መቅደስ ገብቶ ዘጋ፣ የደጁን ወሬ አልሰማም፤
አማርኛ ሳይወለድ ቀረ፤ ላልተወለደ ለቅሶ የለም።
ግሱ ብቻ አልተቸገረም፤ እነሱም እንደኛ
ማሰሪያውን ለመጨረሻ የሚያቆዩ፤ ሰሚው እንደ ዘበኛ
ከዐረፍተ ነገሩ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል፣
የሄደው ሰውዬ ሞተ ወይስ ዳነ፣ ሲያበቃ ያውቃል።

«እንግዲህ» አለች ማንዳና፣
«በዚያ ዓለም አንተና እኔ ያለ ውሰት እናወራ ነበር። አይሻልም?»

ማሽኑ ቆመ። እርጥቡን ሹራብ አወጣሁ፤ እጄ ላይ ከበደ።
በዚያ ዓለም «ባዶ ነው?» እላለሁ፤ «አረ» ትለኛለች፤
አዎን አዎ ብዬ እሰማለሁ፤ ልብሴን እከታለሁ፤
አልቆጣም፤ አትስቅም።
እሷ በዚያ ወንበር፣ እኔ በዚህ፣
ስልካችን ላይ እንዳጎነበስን ልብሳችን ይደርቃል።
ይህን አልነገርኋትም።
ለማድረቂያው ሳንቲም ጎደለኝ፤ አበደረችኝ።

ባለቤቱ ሚስተር ኖ ሊዘጋ መጣ፣ ጨርቁን ይዞ፤
አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፤
የመን ሄደች፣ አዱሊስ ሄደች፣
በመስኮቱ የቀረው በረዶ ጠራጊ መኪና ነው፣ ቢጫ መብራቱን እያዞረ።
«መርከቦቹ ሰመጡ ማለት ነው?» አልኋት።
«አረ» አለች።
«ኧረ!» አልሁ።