የባዶው አልጋ ሒሳብ

ትደነቂያለሽ፣ ነይ፣ እዚህ ጠጋ በይ፣
መርከብ ልሳፈር ነው ብለሽ አልነበር ወይ?
ከበሬሳ ሌላ ውኃ ሳይረግጥ እግርሽ
ጠባሴን አዳርሷል ባሕር የሚል ወሬሽ።
እኔ ሄጄ መጣሁ፣ ያውም ብቻዬን ነው፤
ምክሬም በነጻ አይደል፣ ዶላር የወጣበት ነው።

በደማቅ የጻፉት ዋጋ አያታልልሽ፤
ጉዱ ታች በደቃቅ ቁጭ ብሎ አለልሽ።
የወደብ ቀረጥ አለ፣ የኢንተርኔት አለ፣
ውኃ እንኳ በብርጭቆ እየተከፈለ።
ጉርሻ በየቀኑ ሲሉኝ ደስ ብሎኛል፤
እንደ ሰርግ ቤት ጉርሻ በአፌ መስሎኛል!
ለካ አጉራሿ እኔ ነኝ፤ ሳይጠይቁኝ ቆርጠው
ለማላውቀው ሁሉ ይሰጣሉ አውጥተው።
አትከራከሪ ግን፤ አልጋ አንጣፊው ልጅ
በደሞዙ አይኖርም፣ በጉርሻው ነው እንጂ።

ክፍሉን ደግሞ ስሚኝ።
ጣርማ በር ቁልቁለት፣ የኋላ ወንበር ላይ
ተቀምጠሽ ሆድሽ አልተገለበጠም ወይ?
መርከብም እንደዚያው፣ ጫፍና ጫፉ ይናጣል፤
መሀል፣ ዝቅ ብሎ፣ ወገቡ ላይ ይሻላል።
መስኮት የለሽ ክፍል ዋጋው ዝቅ ይልልሻል፤
ግን የጣርማ በርን ዋሻ ያስታውስሻል፤
ዋሻውስ ግዴለም፣ በደቂቃ ያልቃል፤
ይሄ ግን ሰባት ቀን አብሮሽ ይዘልቃል።
ከዳንስ ቤቱ ሥር አትያዢ ደግሞ፤
ጣሪያሽ ላይ ያነጋል የሰው ተረከዝ ቆሞ።

ቪዛሽ ደጋግሞ የሚያስገባ ይሁን፤
ወርደሽ ስትመለሺ እንዳይዘጉብሽ በሩን።
ከመነሻው በፊት አንድ ቀን ቀድመሽ እደሪ፤
የከፈልሽው መርከብ ሲሄድ ከዳር ቆመሽ እንዳትቀሪ።
የእኛ አውቶቡስ እንደሁ ሰው ካልሞላ አይሄድም፤
መርከብ ግን ቢሞላም ባይሞላም አይጠብቅም።
አራት ሰዓት ሲሉኝ የማታው መስሎኝ፣
ሻሽ ስከራከር ነው ጡሩምባው የጠራኝ፤
በዚህ በጉልበቴ፣ ነጠላዬን አስሬ፣
መሰላሉ ሊነሳ ደረስኩ በርሬ።
በእነሱ አራት ማለት በእኛ አሥር ነው፤ እወቂ።

ረቡዕ ጾም ነው ብላቸው ዓሣ አመጡልኝ፤
ዓሣም አይሆን ስላቸው እንቁላል ጨመሩልኝ።
በሶሽን ያዢ አንቺ። ፍል ውኃው በነጻ ነው።

ብቻሽን ስትበዪ ጥግ አትፈልጊ፤
ከትልቁ ጠረጴዛ ከሰው ተጠጊ።
እኔ በአማርኛ፣ አንዷ በጣሊያንኛ፣
ስለ ጉልበት ሕመም ሆንን ጓደኛ።

አሁን ወደ ዋናው።
ብቻዬን ነኝ ስላት ትኬት ቆራጯ አየችኝ፤
«ክፍሉ የሁለት ሰው ነው፣ የሁለት ክፈይ» አለችኝ።
«ሁለተኛው ማነው?» «ማንም።» «የት አለ?» «የለም።»
«ለሌለ ሰው ታዲያ ገንዘብ አይከፈልም!»
ለካስ ይከፈላል።
ሸዋንግዛው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤
ስለ አልጋው ሒሳብ ግን ማንም አልነገረው።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ሁለት ዓመት
ያጠራቀምኩትን ቆጥሬ ከፈልኩለት።

አንቺ ግን ቀደም በይ፤ ለአንድ ሰው የተሠራ
ጥቂት ክፍል አለ፣ ይያዛል በጠራራ።
እሱም ካለቀብሽ፣ ሰው በማይበዛበት
ወር ላይ ጠይቂያቸው፤ ይቀንሱልሻል ከሁለት።

እኔማ ያን አልጋ፣
የመጀመሪያ ሌሊት ጀርባዬን ሰጠሁት፤
በሁለተኛው ማታ ጋቢዬን ጣልኩበት፤
በሦስተኛው ሌሊት፣ ባሕሩ ሲረጋ፣
ተነሥቼ ሄድኩኝ ወደዚያኛው አልጋ።
ከፍዬ የለም ወይ? ከዚያ እያፈራረቅሁ
አንድ ቀን በእኔው ላይ፣ አንድ ቀን በእሱ ተኛሁ።
አንጣፊው ልጅ ጠዋት ሁለቱን ሲያነጥፍ
ማን አደረ አላለኝም።
ጉርሻ ጨመርኩለት።

በቃ፣ ቀን ቁረጪ፤ ብርድ ልብስ አትያዢ፣ እዚያ ይሞቃል።
«ባሕሩስ እንዴት ነው?» ትዪኝ ይሆናል፤
አባትሽ ስም ሲያወጡ ነግረውሽ ጨርሰዋል።