የሚስጥር ቁጥር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ ሁለት መቶ ሦስት፣
ውሃ በሳምንት አንዴ ነው፤ ደዋይ ግን በቀን አምስት።
«ጤና ይስጥልን፣ ከቴሌ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት!
ሰባ ሺህ ብር ከነቴሌቪዥኑ በዕጣ ወጥቶልዎት…»

ጋሽ ሽመክት ምድር ቤት ሆኖ ስድቡን አፈሰሰ፣
የደዋዩን ሰባት ትውልድ ከመቃብር ቀሰቀሰ፤
ግድግዳችን ስስ ነውና ልጆቻችን በቃል ያዙት፣
ደዋዮቹ ግን «ሰው አለበት» ብለው ቁጥሩን መዘገቡት።

ጥበቃው ባጫ ብልጥ ነው፤ «ተሳስተሃል ጌታዬ፣
ባለ ገንዘቡ ሌላ ነው፣ ቁጥሩን እንካ ወንድምዬ።»
የሰጠው ቁጥር የኔ ነው። ከሰኔ ወዲህ በሙሉ
የባጫ ሽልማቶች ሁሉ እኔ ዘንድ ይውላሉ።

ዘርፌሽዋል ሲሟን ሰብራ ከቃሊቲ አዲስ ገዛች፤
የባለዕዳ ቁጥር ኖሮ አበዳሪም ጨመረች።

ዲያቆን ኅሩይ ንስሐን ሰበከ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፤
ደዋዩ በትዕግሥት ሰምቶ «አሜን» አለ በቃሉ፣
ቀጥሎም፦ «አሁን አባቴ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን በሉ።»

እኔማ ተምሬያለሁ፤ «ጊዜውን ልብላበት» ብዬ
አርባ ደቂቃ አወራሁት፣ የሌለ ስም ተውሼ።
ሽሮዬ አረረ። እሱ አመሰገነኝ፤
ገና ጀማሪ ነበር ለካ፣ መለማመጃ አደረገኝ።

ከፊት ለፊቴ እትዬ አስካለማርያም አሉ።
ከካዛንቺስ የተነሡ፤ ጎረቤቱ ገላን፣ ኮዬ፣ አራብሳ ተበትኖ
ስልክ ብቻ የቀራቸው፣
ስልኩም የማይጠራ።

እሳቸው አይሳደቡም፤ አይዘጉም።
«እንዴት አደርክ ልጄ? ቁርስ ቀመስክ?»
«እማማ፣ እኔ ከቴሌ ነኝ…»
«ታዲያ የቴሌ ሰው አይበላም?»

ብዙዎቹ በዚህ ይሸሻሉ።
አንዱ አልሸሸም።
በየሐሙሱ ደወለ፣ ውሃው በሚመጣ ለት፤
በአንድ እጃቸው ጀሪካን፣ በአንድ እጃቸው እሱን ይዘው
ደረጃውን ሲወጡ አያቸው ነበር።
እኛም ሳቅን፤ «ሌባውን በፍቅር ጣሉት» አልን።

አንድ ሐሙስ ቁጥሩን ጠየቃቸው።
ከድሮው ቤታቸው ቁጥር ሌላ በቃላቸው የያዙት የለም፤
ለባንኩም የሰጡት እሱን ነው፦
ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሁለት።
በሩ የለ፣ ጣራው የለ፣ ቆርቆሮው በኪሎ ተሸጦ፣
ቁጥሩ ግን ከፈተ።

የፈረሰ ቤት ተዘረፈ።
ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር፣
«ለመቅበሪያዬ» ብለው ያኖሯት።

ጋሽ ሽመክት ተሳደበ። ዲያቆኑ ረገመ። እኔ ደወልኩ፤
«የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» አለች
ያቺ ምንም የማያስደነግጣት ሴት።

ማክሰኞ ስልካቸው ጮኸ።
ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ድምፁ ያው።
በራቸው ገርበብ ብሏል፤ ሰማኋቸው፦
«ምነው ጠፋህ ልጄ?
ብሩስ ደረሰህ?»