ባዶውን የሚዞር

ፖርቶ ላይ ወንዝ አለ፣ ስሙን «ዱሮ» የሚሉት፣
ዘመኔን ጠቅልዬ እሱ ውስጥ የጣልኩት።
ሙያዬን፣ አልጋዬን፣ የልጄን ፊት ጭምር
በመርፌ ጫፍ ሸጥኩት፣ ሳልቆጥር፣ ሳልሰፍር።

ከዳገቱ ግርጌ ልብስ ማጠቢያ ሱቅ አለ፣
ቀለሙ የተላጠ፣ በሩ የዘነበለ።
ከጎኑ ግድግዳ ቱቦ ብቅ ብሎ
ትኩስ አየር ይተፋል፣ የሳሙና ሽታ አዝሎ።
እኔም ካርቶን ስቤ፣ ጀርባዬን ለጥፌ
እዚያ ነበር የማድረው፣ ከዝናብ ተርፌ።

ከምሽቱ አራት ላይ ማድረቂያው ይጠፋል፣
ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ብርዱ ይሰለፋል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ሌሊት መቼ ይገፋል?

አንድ የጥር ማታ ግን አራት ሰዓት አለፈ፤
አምስት ሆነ፣ ስድስት፤ ቱቦው አላረፈ።
ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሱሱ ሲቆረጥመኝ፣
አጥንቴ ሲጮህብኝ፣ ላቤ ሲያጠምቀኝ፣
ተነስቼ ግንባሬን መስኮቱ ላይ ደገፍኩ።

ልብስ የለም በውስጡ፤ አንሶላም፣ ካልሲም፤
ባዶውን ይዞራል፣ አይቆምም፣ አይደክምም።
ለማን ነው? ዞር አልኩኝ። ከእኔ በቀር የለም።

ጠዋት በሯን ስትከፍት
«ሌሊቱን ሙሉ ያለ ልብስ ሲዞር አደረ» አልኳት፤
«መብራት አይቆጥርም እንዴ?»
ቀና ሳትል መለሰች፦
«ማሽን ካልዞረ ይዝጋል።»
ቁልፉን ኪሷ እየከተተች ደግሞ፦
«አንተስ? ስምህ ማነው?»

ስሜን ፖሊስ እንጂ ሰው ጠይቆት አያውቅም፤
እሱም ለመዝገብ ነው፣ ሊጠራኝ አይደለም።
አፌ ውስጥ ፈለግሁት፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፤
ቆማ ጠበቀችኝ ድምፄ እስኪመለስ።
«ኤቫሪስቱ» አልኳት።
«ዙልሚራ» አለችኝ።

በማግስቱ ዳንኩ ብዬ አልዋሽም።
ክሊኒክ ሁለቴ ገባሁ፣ ሁለቴም አምልጬ፣
አንዴም ከሳንቲም ሳጥኗ ዘግኜ ሮጬ፣
በሳምንቱ መጣሁ፣ ዓይኔን መሬት ጥዬ።
ስድብ ስጠብቅ «ዝገህ መጣህ?» አለች፣
ፎጣ ወረወረችልኝ፣ ዳቦዋን ገመሰች።

በሦስተኛው ጊዜ
አቢልዮ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከዚያ በፊት አይቶኝ የማያውቅ፣
ክሊኒኩ በር ድረስ ወሰደኝ፤ ቲኬት ሳይጠይቅ፣
«ስትመለስ ትከፍላለህ» አለኝ።
ስትመለስ! እኔን!
ያቺን ቃል እንደ ብድር ተሸክሜ ገባሁ።
ከፈልኩት፤ በሰባተኛው ወር።

አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አለችኝ፤
መስኮቷን ስከፍት ወንዙን ታሳየኝ።
ዱሮ ይፈሳል። ይፍሰስ።

እዚያው ሱቅ አንሶላ አጥፋለሁ፤ እጄ አንዳንድ ቀን ይርዳል፣
የቀድሞው ረሃብ በደም ሥሬ ገብቶ ይጣራል፤
ያን ጊዜ ወጥቼ መዳፌን ቱቦው ላይ እዘረጋለሁ።

ትናንት ማታ ካርቶን ነበረ እዚያ። አዲስ ካርቶን፤
ከሥሩ ሁለት ጫማ፣ አንዱ ማሰሪያ የሌለው።
አራት ሰዓት ሆነ። ማጥፊያውን አየሁት።
ዙልሚራ ኮቷን እየለበሰች «ረሳኸው?» አለችኝ።
«ይዝጋል» አልኳት።