ከሞተሩ በላይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጣና ላይ ሲመላለስ
አባቴ አላየውም ማዕበሉ ሲታመስ።
የሚያውቀው ከሥር ነው፤ ከብረት ግድግዳ
ማዶ እንደሚስል ጎረቤት፣ እንደ ሌሊት እንግዳ
እያንኳኳ ሲያልፍ።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር
ልጆቹ ተማከርን፤ መዋጮው ሲቆጠር
ለስድስት ሰው ትኬት ደርሶ መልስ ቆረጥን፤
«እንደ ሰው ተሳፈር፣ ከላይ ተቀመጥ» አልን።

እናቴ ይርገዱ ሎሚ ታሸታለች፤
ገመዱ ሳይፈታ «አቅለሸለሸኝ» አለች፤
«ዋና ለማያውቅ ሰው ውሃ ላይ ምን ሥራ?»
ወንድሜ ዳኛቸው በስልኩ ሲያወራ
ስለ ብሎኬት ዋጋ፣ ሚስቱ ደግሞ ቆማ
የፅናትን ጃኬት ታጠብቃለች ደጋግማ፤
ብርቱካን ጃኬቱ እስከ ጆሮዋ ውጧት
ኤሊ መስላ ቆማ ልጅቷን ሳቅ ይዟት።

አባቴ ሱፍ ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል፤
የጥፍሩ ሥር ግሪስ ግን አለቅም ብሏል፤
ሳይከፍል ተሳፍሯል።

መርከቧ ጮኸች። ወደቡ ወደኋላ ተጎተተ፤
ዘንባባውን ይዞ ከተማው ሸፈተ።

የደንገል ታንኳ ላይ እንጨት የጫነ ሰው
መቅዘፊያውን ሰቅሎ ሰላምታ ሰጠን፤ አባቴን ግን አልለየው።
በየት በኩል ይለየው?
ይህን ሁሉ ዘመን ባጠገቡ ያለፈው
ከውሃው ልክ በታች ነው።

«አያዬ፣ ያ ምንድነው?» አለች ፅናት፣ ውሃው ላይ የተነጠፈ አረንጓዴ አይታ።
«እምቦጭ» አላት አባቷ። አባቴ ግን ላፍታ
ዝም ብሎ ቆየና፣ «እሱንስ አውቀዋለሁ፤
የማቀዝቀዣውን ቱቦ ሲዘጋብኝ ስንቴ በእጄ ጎትቼዋለሁ።
አበባ እንዳለው ግን…»
አለና ተወው።
ሐምራዊ ነው አበባው።

ያስጎበኘናል ስንል እሱ ጠያቂ ሆነ፤
«ያችስ ማናት?» እያለ በየደሴቱ ባከነ።
ዘጌን የሚያውቃት በደወል ነው፤ ካፒቴኑ ሁለቴ
ሲመታ «ቀስ በል» ማለት ነው፤ ዘጌ ማለት ለአባቴ
ሁለት ምት ነበረች።
እንዲህ ጥቅጥቅ ያለች፣ ውሃ ድረስ ወርዳ የምትጠጣ ጫካ መሆኗን
ዛሬ ገና አየ። መነጽሩን ጠረገ።
ደግሞ አየ።

ምሳ ቀረበ። ቆሮሶው ተጠብሶ፣ አዋዜው መሐል ላይ፤
ሁለተኛው ጉርሻ ከአፉ ሳይደርስ፣ አየር ላይ
እጁ ቀጥ አለ።
እኛ የሰማነው ነገር የለም። ሞተሩ እንደ ጠዋቱ ያጉረመርማል።
እሱ ግን «ትንፋሽ አጥሯታል» አለ፤ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለ፤
ክራቫቱን በሸሚዙ ቁልፍ መሐል ሸጎጠ፤
የፅናትን እጅ ይዞ በጠባቡ መሰላል ወደ ታች ሰመጠ።

«አላልኳችሁም!» አለች እናቴ፣ «ገንዘባችሁን ለውሃ!»
ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ወረድሁ። ሙቀቱ የመተማ በረሃ።
ጥላዬ፣ አዲሱ መካኒክ፣ ባትሪ ያበራለታል፤
አባቴ ቁልፍ በእጁ፣ ጎንበስ ብሎ ይፈታል።
ፅናት ግን ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣
ትንፋሿ እንዳይረብሻት አፏን በመዳፏ አፍና።

«አያዬ፣ ማነው የሚያንኳኳው?»
«ጣና ነው።»
«ምን ፈልጎ?»
አባቴ ብሎኑን አጠበቀ፤ ላቡን በክንዱ ጠረገ።
«እኔ እንጃ» አለ። «ሁሌም እንደዚያው ነው።»

ማታ፣ ባሕር ዳር መብራቷን ስትለኩስ፣ ተመለስን።
እናቴ ከላይ ሆና ሦስት ጉማሬ አየሁ ትላለች፤ ማንም አላመናት፣ ሳቅን።
ሎሚዋን ረስታዋለች።

«ከላይስ እንዴት ነበር?» አልኩት ከመርከቧ ስንወርድ።
«ጥሩ ነው» አለ፣ መሰላሉን በእጁ እየዳበሰ፤ «ግን አይሰማም።»

ዳኛቸው ያነሳው ፎቶ ውስጥ አባቴ የለበትም።
ወንበሩ ላይ ኮቱ፣
ነፋስ ሞልቶት ደረቱ፣
ቀና ብሎ ተቀምጧል፣
ደሴት ያያል።